ከበሩ የተረፈ ቀለም

ይታገሱ የጊታሩን ሳጥን ቢከፍት የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫውን መታው። ከተሠራ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ፍኖተ ሰላም ቀርቶ አዲስ አበባ እንኳ አቻ የማይገኝለት የጣሊያን ኤሌክትሪክ ጊታሩ ከአንገቱ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ተለቅልቋል። የሚያብረቀርቀው ቀይ ገላው፣ የሠሪው ስም፣ ሁሉም ከቀለሙ ሥር ገብቷል። በአውራ ጣቱ ቢፈትገው ባሰበት።

ጊታሩን በገዛ ዕለት «አዝማሪ ወልጄ ቀረሁ» ብለው ስድስት ዓመት ቤቱን ያልረገጡት አባቱ፣ ትናንት ለሚሊኒየሙ በዓል ከሽንዲ መጥተው ነበር። አሁን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ብሩሽ በላምባ ያጥባሉ።

«አባ፣ ይህ እኮ በር አይደለም» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«መች አጣሁት። አገሩ ሁሉ አጥሩን ሲያሳምር፣ ልጄ ያረጀ ዕቃ ይዞ ሰው ፊት አይቆምም ብየ ነው። ከበሩ የተረፈ ቀለም ነበር።»

ይታገሱ ቀለሙ ሳይደርቅ ሊያስለቅቀው ወደ ላምባው ጣሳ እጁን ሰደደ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትጫወት?» አሉ አባቱ፣ ብሩሹን እያራገፉ። «እኔ ከፊት ነው የምቀመጥ።»

ይታገሱ እጁን ከጣሳው መለሰ።