በሻሹ ላይ ያለው ሦስተኛ ሰው

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ በፕላስቲክ የታሸገውን ነጭ ሻሽ ለሮቤው ችሎት ከፍ አድርጎ አሳየ። ዙሀይራ ከኋላ ወንበር ሆና አየችው፤ የራሷ ሻሽ ነው። ጎረቤታቸው ሀጂ ቦሩ ገብስ ማሳቸው ውስጥ ታንቀው በተገኙበት ጠዋት፣ ከራሷ ፈትታ ለልጇ ለሙህዲን የሰጠችው እሷ ነበረች። «አፋቸው እንደተከፈተ ሳይደርቅ አገጫቸውን እሰርላቸው» ብላው ነበር። የሙስሊም ሬሳ አፉ ተከፍቶ አይተውም።

«የሦስት ሰው ዲኤንኤ ተደባልቆበታል» አለ ባለሙያው። «ኮምፒውተሩ ለይቶታል፤ አንዱ የሟች ነው፣ አንዱ የተከሳሽ። ሦስተኛው አልታወቀም።»

«ያነቀበት ይሁን አገጭ ያሰረበት፣ ኮምፒውተሩ ይለያል?» አለ የሙህዲን ጠበቃ።

«ማን እንደነካው እንጂ ለምን እንደነካው አያውቅም።»

ዙሀይራ ብድግ አለች። «ወላሂ፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ! ሻሹን የሰጠሁት እኔ፣ እሰር ያልኩትም እኔ!»

«አዮ፣ ተይ!» ብሎ ለእናቱ ጮኸ ሙህዲን ከተከሳሽ ሳጥን።

ዳኛው በአገጫቸው ወደ እሷ ጠቆሙ። ፖሊሱ ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ ሲመጣ፣ ልጇ ይህን ሁሉ ጊዜ የሻሹን ባለቤት ለምን እንዳልተናገረ ገባት።