ምን ጎደለኝ?

«ደሜን በሙሉ መርምሪልኝ፤ ቫይታሚን የሚባል አንድም ሳይቀር» አለ መካኒኩ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ። ጥፍሮቹ ሥር የዘመናት ግሪስ ጠቁሯል።

ሐኪሟ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየች። ምላሱንም አየች። ስለሚበላው፣ ስለ እንቅልፉ፣ እግሩን ይደነዝዘው እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ እጅጌውን ራሷ መለሰችለት።

«አባባ፣ ምንም ምልክት የለዎትም። ያገኙትን ይበላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነዎት። ምርመራውም ክኒኑም ይቅርብዎት።»

«ሞተር እንኳ ዘይቱ ይታያል እኮ!»

«ሙሉ ከሆነስ ይጨምሩበታል?»

ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። ከኮቱ ኪስ የቫይታሚን ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የላከችልኝ ልጄ ናት። ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች። ‹አባዬ፣ ዋጥክ?› ‹ዋጥኩ።› ‹ጎበዝ› ትልና ትዘጋዋለች። በቃ፣ ጨዋታችን ይኸው ነው።» ብልቃጡን በጣቱ አዞረው። «አያስፈልግህም ተባልኩ ካልኳት በምን ሰበብ ትደውላለች? እስቲ አንድ እንኳ የጎደለ ፈልጊልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«የሌለ በሽታ አልጽፍም፣ አባባ። እርስዎስ ደውለውላት ያውቃሉ?»

«እኔ? ሥራ ላይ ናት እኮ። ምን ብዬ?»

ተረኛው ታካሚ በሩን ሲያንኳኳ «ትንሽ ይታገሱን» አለች።

መካኒኩ ስልኩን ጥቂት አገላብጦ ደወለ። ልጁ ወዲያው አነሳችው።

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ሐኪም ቤት ሄጄ… ጤነኛ ነህ አሉኝ። ክኒኑንም ተወው ብለውኛል።»

ልጅቱ ትንፋሿን ለቀቀች። «ተመስገን! አስደነገጥከኝ እኮ። ታዲያ ለምን ደወልክ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ከሐኪሟ ፊቱን መልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ለእናቷ እንኳ፣ በሕይወት ሳለች፣ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም።

«ናፍቀሽኝ» አለ።

ከወዲያ የሰው ጫጫታ ነበር። በር ተዘጋ፤ ጫጫታው ጠፋ። ወንበር ሲጎተት ሰማ፤ ከዚያ ትንፋሿን ብቻ፣ ቅርብ።