የጎረቤት ፊርማ

ቡሩል በኦሽ ገበያ ዳር ሳምቡሳ የምትጋግርባት ቁራሽ መሬት ፈቃድ በየዓመቱ ያልቃል፤ በየዓመቱም ይራዘማል። ማራዘሚያው ቅጽ ላይ ጎረቤት መስማማቱን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው አሲልባይ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ናቸው ብላ ሦስቱንም ዓመት እሷው ፈረመችላቸው።

ዘንድሮ ግን እጇ እምቢ አላት። የፊርማውን ቦታ ባዶ ትታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቅጹን ለገበያው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ለአይዛዳ ሰጠቻት።

"የኔ ልጅ፣ አንድ ፊርማ ይጎድለዋል። ነገሩ..."

"ምኑ ጎደለ እትዬ? ይኸው አሲልባይ ፈርመዋል!" አይዛዳ የድሮ ቅጾችን አውጥታ አስተያየች። "እንዲያውም ያለፉት ሦስቱ ናቸው የሳቸው የማይመስሉት። የዛሬው ልክ እንደ ድሮው ነው።" በጣቷ ነካ አደረገችው። "እንዴ፣ ቀለሙም አልደረቀም! ከሥሩ ደግሞ ጽፈውልዎታል፤ ያንብቡት እስቲ።"

የቡሩል ፊት በእፍረት ጋለ። አሲልባይ የደንበኛውን ስም በየጫማው ሶል ላይ ይጽፉባት የነበረችው ያቺው የተንጋደደች ጽሕፈት ናት።

"ያለፉትን ሦስቱንም ፈቅጃለሁ። ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"