እንደ ድሮው ካሜራ

«ፊልሙን ከየት አገኙት ጋሽ ድንበሩ?» አልኳቸው፤ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ካሜራ ያ የጥንቱ መስሎኝ።

«አንቺ ደግሞ! አዲስ ዲጂታል ነው። መልኩን ነው የድሮ ያስመሰሉት።»

«እርስዎ ፀጉርዎን እያጠቆሩ ወጣት ይሆናሉ፤ እሱ ደግሞ ገና ሲወለድ አርጅቶ መጣ?»

ጎረቤቴ አልሳቁም። ዘንድሮ ካሜራ ሁሉ የታመመን ፊት ጤነኛ አድርጎ ነው የሚያነሳው፤ ሕጉ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅያንሹ በሕመም አልቀው አጥንታቸው ቀርቷል። ሐኪሙ ፋሲካን አይደርሱም ብሎናል። ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ግን ፎቶ በተላከላት ቁጥር «አባዬ አታስፈራራኝ፣ ጉንጯ ሞልቶ የለም እንዴ? ለፋሲካ እመጣለሁ» ትላለች። እናትየውም በስልክ ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ጋሽ ድንበሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ እሳቸውም የሙያ ጓደኞቻቸውም ይህኛው ካሜራ ግን እንደ ድሮው ያየውን ብቻ ያነሳል ብለው ሲጠብቁት ነው የከረሙት።

እትዬን ትራስ አስደግፌ ቀና አደረግኋቸው። ጋሽ ድንበሩ ቁልፉን ተጫኑ። ቀጭ! ድምፁስ የድሮው ነው።

ሦስታችንም ፎቶውን አየን። የእትዬ ጉንጭ ድቡልቡል፣ ዓይናቸው ብሩህ፤ የረገፈው ፀጉራቸው ሳይቀር ሹሩባ ተሠርቷል።

ጋሽ ድንበሩ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። እትዬ ወርቅያንሹ የፎቶውን ሴትዮ ትክ ብለው አዩና፣

«ይቺማ እኔን ቀብራ ነው የምትሞተው» አሉ።