አሥር ከአሥር

እኔን የመሰለ ርዕሰ መምህር በሰባት ወረዳ አይገኝም፤ ድምፄን ሲሰሙ ወፎች እንኳ ይሰለፋሉ። ነገሩ የጀመረው አራተኛ ክፍል ነው። መምህር ወልደሰንበት ከደብተሬ የጋዜጣ ልባድ ላይ ስሜን አነበቡና ደብተሬን ከፍ አድርገው፣ «አሥር ከአሥር! አጨብጭቡለት! ይሄ ልጅ ገና አገር ይመራል!» አሉ። ጭብጨባው ሦስት ወንዝ ተሻገረ። ከዚያ ጭብጨባ ወዲህ ሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም።

አጠገቤ ለተቀመጠችው ለማንጠግቦሽ ግን ደብተሯን ወረወሩላት። «አንቺስ ጊዜሽን አትፍጂ፤ ሂጂና እናትሽን አግዢ።» ደብተሩን ሳትከፍተው እያለቀሰች ወጣች፤ አልተመለሰችም።

አሁን የትምህርት ቤቴ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ያን አሥር ከአሥር ያገኘ ገጽ በመስታወት አስገብቼ ቢሮዬ ሰቅዬዋለሁ፤ በየጧቱ እሷ ትወለውለዋለች። አንበሳ የማልፈራው ሰውዬ የዚያችን ሴት ጨርቅ እፈራለሁ፤ በሕልሜ ሳይቀር ትወለውላለች።

ዛሬ ጧት እጇ መስታወቱ ላይ ቆመ።

«የሚገርመው፣ ጌታዬ» አለች፣ «የእኔም እጅ ጽሑፍ ልክ እንዲህ ነበር።»

«የዚያን ጊዜ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚጽፈው» አልኩና ወደ ሥራዋ ላክኋት።

ያን የጭብጨባ ዕለት፣ መምህሩ ከመግባታቸው በፊት፣ እንዲያው ለቀልድ፣ የሁለታችንን ደብተር ልባድ የቀያየርኩት እኔ ነኝ።