የሳቂታዋ ልምምድ

ዳይሬክተሩ በቴሌቪዥን ቀርቦ አፉን ሞልቶ ቃል ገብቶ ነበር። የአዲሱ ፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ኦቲዝም ያለባት ሴት ናት፤ እሷን ሆና የምትሠራውም ኦቲዝም ያለባት ተዋናይት ብቻ ናት። እስከ ዛሬ በእነሱ ስም ሌላው ሲያለቅስና ሲሸለም ኖሯል፣ አሁን ይበቃል አለ። የፕሮግራሙ አቅራቢ እንባዋን ጠረገች።

በሳምንቱ ሳቂታዋ መጥታ ተመዘገበች።

ሳቂታዋን የማያውቅ የለም። በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ጨዋታ አዋቂዋን ጎረቤት ሆና የምትሠራው እሷ ናት። ሳታንኳኳ ትገባለች፣ የተጣላውን ታስታርቃለች፣ ያዘነውን ታስቃለች። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛትም ያው ናት፤ ሰላምታዋ ሙሉ፣ ሳቋ ቅርብ ነው።

ለፊልሙ ተዋንያን የምትመርጠው ሴት ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ከሳቂታዋ ጋር ለዓመታት ሠርታለች። ይቺ ሴት ከእኔና ከአንተ የበለጠ ጤነኛ ናት አለችው ዳይሬክተሩን። ጉድለት አላት ከተባለ ኩራት ነው፤ ቀረጻ ሲያበቃ ከማንም ጋር ምሳ አትበላም፣ ግብዣ ብትጠራ አትመጣም፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍሏን ቆልፋ ብቻዋን ትቀመጣለች። አምፖሉ ይጮሃል እያለች የመብራት ሠራተኞቹን ታንገላታለች። ዝና ያመጣው አመል ነው አለች መራጯ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሳቂታዋ ግን ኦቲዝም እንዳለብኝ ሐኪም ነግሮኛል አለች። ለምን ይህን ሥራ አጥብቃ እንደፈለገች ዳይሬክተሩ ሲጠይቃት ፈገግ ብላ አየችው።

«አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደክመኝ መሥራት እፈልጋለሁ» አለችው።

ዳይሬክተሩ መልሱ አልገባውም። መራጯ ፈታችለት፦ ትንሽ ንግግር፣ ብዙ ሽልማት ማለቷ ነው።

የሙከራ ቀረጻው ዕለት ነገሩ ባሰ። ትዕይንቱ አጭር ነበር፤ ሴትየዋ ከሥራ ትመለስና በሯን ዘግታ ብቻዋን ትሆናለች፣ በቃ። ሳቂታዋ ከበሩ ገባች፣ ዘጋችው። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። ግድግዳውን ተደግፋ ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር፤ ቀስ እያለችም ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ካሜራ ማኑ አቁም እስኪሉት ጠበቀ፣ ማንም አቁም አላለም። ዳይሬክተሩ አለቀሰ። እንባው ሲደርቅ ደግሞ ተናደደ።

«ይህን ያህል ከቻለችበትማ እየተወነች ነው» አለ።

«እኔስ ምን አልኩህ?» አለች መራጯ። «ተወው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

እንዲጠራ ግን አልጠበቀችም። ለሳቂታዋ ደውላ፣ ነገ ከሰዓት ቤትሽ መጥቼ እንጫወታለን አለቻት። በማግስቱ ከተባባሉት ሰዓት ቀደም ብላ ደረሰች። ሳቂታዋ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነች ታላቅ እህቷ ጋር ነው። መራጯ ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመና ታላቅየዋ ተሰማች።

«ዓይንሽ አሁንም አልተስተካከለም። ትንሽ ቆየት አድርገሽ ነው የምትመልሺው።»

ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«እንዲያ ነው። እጅሽስ? እጅሽን ረሳሽው። በይ እንደገና፣ ከበሩ ጀምሪ።»

መራጯ ደጅ ቆማ ለብቻዋ ሳቀች። እጅ ከፍንጅ ይዛታለች። ለዳይሬክተሩ ምን ብላ እንደምትነግረው እያሰበች አንኳኳች።

ሳቂታዋ ፊቷ በርቶ በሩን ከፈተች። ዓይን ዓይኗን እያየች እጇን ጨበጠቻት፤ እንዴት ነሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ መንገዱ አላስቸገረሽም ወይ አለቻት። ከዚያ ቀጠለች።

«ልጆችስ ደህና ናቸው?»

መራጯ ልጅ የላትም። ፈልጋ ያጣች ሴት ናት፤ ስንት ዓመት በየሐኪም ቤቱ እንደተንከራተተች በሥራ ቦታ የማያወራ አልነበረም። ሆን ብላ ቁስሌን ነካችው ብላ ደመደመች። የቀረበላትን ወንበር ሳትነካ ተመለሰች።

በነጋታው ዳይሬክተሩ ሳቂታዋን ቢሮው አስጠራት። መራጯም አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ከእህትሽ ጋር ስትለማመጂ ነበር?» አላት።

«አዎ።»

«ዓይኑን፣ እጁን፣ ሁሉንም?»

«አዎ። እህቴ ናት የምታስጠናኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ይህን ሁሉ የተናገረችው ፈገግታዋ ሳይጎድል ነው። ዓይን አውጣ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ ያለ አላየሁም ሲል ዳይሬክተሩ ኋላ ለሰው ሁሉ አወራ። ጨርሰናል ሲላትም ከወንበሯ አልተነሣችም። መሄድ አለብኝ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ይህንንም ሹፈት አሉት።

ሚናው ለአንዲት ስመ ጥር ተዋናይት ተሰጠ። ኦቲዝም የለባትም፣ አለብኝም አላለችም። ቢያንስ አትዋሽም አለ ዳይሬክተሩ። ተዋናይቷም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚማሩበት ቤት ሄዳ ሰነበተች፤ ጥግ ይዛ እጃቸውን እያየች አጠናች። በቴሌቪዥን ስለተገባው ቃል ያስታወሰው ሰው የለም።

ሳቂታዋ ዜናውን የሰማች ዕለት ከስፌት መኪናው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እህቷ አባበለቻት፤ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ምን እንደተበላሸባቸው ጠየቀቻት።

«ሁሉንም እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት፣ እትዬ» አለች ሳቂታዋ። «ልጅ እንደሌላት ግን የነገረኝ የለም።»

ታላቅየዋ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ለእንግዳ በር ሲከፈት ዓይን ይታያል፣ እጅ ይጨበጣል፣ ከዚያ ልጆችስ ይባላል ብዬ ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ።»