የቆሰበሩ ሌባ

አበረ ከወልድያ ዳንግላ መጥቶ በአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ከሆነ ወር አልሞላውም። ሚስቱ ሜላት ግን ወሯ ገብቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ምጡ ሲጠናባት በአምቡላንስ ወደ እንጅባራው ቅርንጫፍ ተወሰደች፤ ኦፕራሲዮን የሚሠራው እዚያ ነው።

ሊከተላት ሲጣደፍ የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ነጋ በሩ ላይ ያዙት።

«ሰርቨሩን ሳትዘጋ የትም አትሄድም። ሌባ እየገባ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

እውነትም አበረ ራሱ ብሏል። የታካሚዎች ፋይል በሙሉ ያለው ዳንግላ፣ ሰርቨሩ ላይ ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚገባ ሲኖር፣ ከየት እንደገባ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አበረ በየቀኑ የሚያየው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ቆሰበር። ከእንጅባራው ቅርንጫፍ አንድም ሰው ገብቶ አያውቅም። ሐኪሞቹ ሰነፎች ይሆናሉ ብሎ ተወው።

ሌባው ደግሞ ጨዋ ነበር። በሥራ ሰዓት ይገባል፣ ለምሳ ያርፋል፣ እሑድ ድርሽ አይልም።

ማንነቱም አልጠፋውም። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ይኸነው ከአቶ ነጋ ጋር ተጣልቶ ምንም ሳያስረክብ ነው የወጣው። መስመሩን የዘረጋው፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውንም ስም የሰጠው እሱ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ፋና «ይኸነው? የቆሰበር ልጅ እኮ ነው» ስትልማ ነገሩ አለቀ።

አበረ ቆሰበርን ዘጋ። ከሩቅ መግባት የሚችለው እንጅባራ ብቻ እንዲሆን አደረገ። የሰርቨሩን ክፍል ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ሚኒባስ ውስጥ ዘሎ ገባ።

መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። የእንጅባራዋ ዶክተር እህተማርያም ነበረች።

«አበረ፣ የሜላት ፋይል አልከፈት አለኝ! ባለፈው ሳምንት እዚያ ዳንግላ ተወግታ ሊገድላት የነበረው መርፌ ስሙ ማን ነበር?»

አያውቀውም። ፋይሉ ላይ ተጽፏል ብሎ ተማምኖ ነበር።

«እሷን ጠይቂያት!»

«ራሷን ስታለች። ሳላውቅ ልወጋት አልችልም፣ ዝም ብዬም ላያት አልችልም። እባክህ አንድ ነገር አድርግ፣ እናትም ልጅም ልናጣ ነው!»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ደወለ፤ አልገባለትም።

ይኸነው ነው። ሲዘጋበት ጊዜ ፋይሉን ሁሉ ቆልፎ ተበቀለ። አበረ በሰው ፊት እንባው ወረደ። ይጣላው ወይስ ይለምነው? ይለምነዋል እንጂ። ሜላት ትዳን እንጂ ሥራውም ክብሩም ገደል ይግባ።

አጠገቡ ወደ ተቀመጡት አሮጊት ዞረ።

«እናቴ፣ ቆሰበር ከእንጅባራ በፊት ነው ወይስ አልፎ? እዚያ ወርጄ እግሩ ላይ የምወድቅበት ሰው አለ።»

«እመቤቴ ትድረስልህ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ምን በፊት፣ ምን አልፎ አለው? ቆሰበር ማለት እኮ እንጅባራ ነው፤ የድሮ ስሙ ነው።»